የጋሽ ሜትር አርባ ሦስት ልቶች

ጋሽ ሜትር አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሲለኩ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀሱን አስቀምጠው ቤት ዋሉ። ቤት የዋለ ባል ደግሞ እንኳን ለሚስት ለድመትም አይመችም። ድስት እየከፈቱ ጨው ይቀምሳሉ፤ የበር ማጠፊያ ዘይት ቀብተው መልሰው ይጠርጉታል። ባለቤታቸው መምህርቷ ሠላሳ ዓመት ከተማሪ ጋር ውለው ያልበገኑትን በሦስት ወር በገኑ።

በመጨረሻ ጋሽ ሜትር ልት ላብቅል አሉ፤ ያቺን ክብ ቅጠሏ ዳሩን የተዘመዘመ የሚመስል፣ ስትታሽ የምትዝለገለግ ተክል። ቅጠሏ ተፈልቶ ሲጠጣ ለጉሮሮ ደግ ነው ሲባል ሰምተዋል፤ የመምህርቷ ጉሮሮ ደግሞ በጠመኔ ብናኝ ካለቀ ቆይቷል። ችግሩ ቦታ ነበር። በግቢው ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ እሱም የልብስ ማስጫ ገመድ ያለበት። መምህርቷ ገመዳቸውን ፈቱላቸውና ቀን ቆረጡ። በሦስት ወር አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚወጣው ቅጠል ከተገኘ ጥጉ የጋሽ ሜትር፤ ካልተገኘ ገመዱ ይመለሳል፣ ስለ ተክል ሁለተኛ አይወራም። ጋሽ ሜትር እሺ ይበሉ እንጂ ፈርተዋል። ይህንንም ከተነጠቁ ጠዋት ለምን ከአልጋ እንደሚነሱ አያውቁም።

የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ አብስብሰው አዳበሪያ ሠሩ፤ አፈሩን አበጥረው ነፉ። ከዚያ ስፌት ሲጠጋጋ ይጠነክራል ብለው ዘሩን በስፌት ርቀት ዘሩት። አርባ ሦስት በቀለ። አትክልተኛው ጎረቤት በአጥር በኩል አይቶ ሠላሳውን ነቅለው ካልጣሉ አንዱም አያድግም ቢላቸው፣ ሳምንት ሙሉ ተቀየሙት። እሳቸው በዕድሜያቸው ቁራጭ ጨርቅ ጥለው አያውቁም፤ ከእጅጌ የተረፈችው ኪስ ትሆናለች። አንድም አልነቀሉም።

ልቶቹ አውቶቡስ ውስጥ እንደታጨቀ ተሳፋሪ ተገፋፍተው ቀጨጩ። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይም ሰፈረባቸው። ጎረቤቱ ቂም ሳይዝ የሚረጭ መርዝ ይዞ ቢመጣ፣ ሚስቴ የምትጠጣውን በመርዝ አላጥብም ብለው መለሱት። መነጽራቸውን አድርገው፣ በክር መልቀሚያ ወረንጧቸው ተባዩን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። በሚንቀጠቀጥ እጅ ሁለት ሲይዙ አንድ ቅጠል ይገነጥላሉ፤ ክሽክሹም ልቶቹን ሳይጎዳ አይቀርም፣ እሳቸው ግን የበለጠ ጎዷቸው።

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። መምህርቷ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፈው፣ ገመዱን በትከሻቸው ጣል አድርገው መጡ። ጋሽ ሜትር የልቶቹ መደብ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ቅጠሉ ለብርጭቆ ቀርቶ ለማንኪያ አይበቃም።

«ሠላሳውን ነቅለህ ቢሆን ይሄኔ ሻይ እየጠጣን ነበር» አሉ መምህርቷ።

«የትኛውን ልንቀል? ሁሉም ለመኖር ነው የሚፍጨረጨረው» አሉ ጋሽ ሜትር። የደከመች አንዷን በጣታቸው ቀና እያደረጉም፣ «አይረባም ተብሎ መነቀል ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

መምህርቷ ሳፋውን አስቀምጠው ጓዳ ገቡ። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ ያገኙትን ሁሉ ተሸክመው ወጡ።

«ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ሲያጭቁብኝ ማንንም አላባረርኩም፤ ክፍል አስጨመርኩ እንጂ። አንተንም ይኸው ችዬ ይዤሃለሁ» አሉ። «በል ከነአፈሩ እያነሳህ አቀብለኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም በየዕቃው ቦታ ቦታውን ያዘ። ጥጉ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶ እንኳ በድስትና በባልዲ ተከበበ። መምህርቷ የገመዱን አንድ ጫፍ በር እጀታ ላይ አሰሩ፤ ሌላኛውን ለባላቸው አስጨበጡ። ቀሚሱን፣ አንሶላውን፣ ሸሚዙን ደረደሩበት። ጎረቤቱ በአጥር በኩል እያየ ነው። ጋሽ ሜትር አፍረው እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ገመዱን ጭምቅ አድርገው ያዙት።

«ተወው፣ አታቁመው» አሉ መምህርቷ የመጨረሻውን ካልሲ እየሰቀሉ። «ዛሬ ንፋስ የለም።»

ጋሽ ሜትር ጭብጣቸውን ላላ አደረጉ፤ ገመዱ በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ ልብሱ ይውለበለብ ጀመር። ልብሱ እስኪደርቅ ድረስም ገመዱን ይዘው ቆሙ።