ቢላ ልሠራ ሄጄ ቡዳ ሆኜ ተመለስኩ

ሁሉም ነገር የመጣው በቅርጫ ነው። ለፋሲካ በሰፈራችን በሬ ተጥሎ ሥጋ ስንከፋፈል፣ ከገበያ የገዛሁት ቢላ ጎድን ላይ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። «የሚቀጥለውን ራሴ እሠራዋለሁ!» አልኩ በንዴት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ የከበደ ነገር ጨብጬ አላውቅም።

ከሰፈሩ ዳር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ፣ «አያ፣ ቢላ መሥራት ያስተምሩኝ» ስላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምነው፣ ደመወዝ ቀረ እንዴ?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወናፍ መንፋት ጀመርኩ። ብረቱ ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ ባሌስትራ ነው። ከሰሉ ውስጥ ሲቀላ በጉጠት ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ እቀጠቅጠዋለሁ። «ቀስ! ምን አደረገሽ ብረቱ?» ይሉኛል። አንድ ቀን የጋለው ብረት ከጉጠቱ አመለጠና ሽማግሌው አጠገባቸው ካስቀመጡት የጠላ ጣሳ ውስጥ ጥልቅ አለ። ጠላው ተንፈቀፈቀ። ጎንበስ ብለው ጣሳውን አዩና፣ «ብረት ውሃ ሲጠጣ ነው የማውቀው፤ ጠላ ሲጠጣ ዛሬ አየሁ» አሉ። ቢላው እንደ ማጭድ ጎብጦ ሲወጣም አልተገረሙም። «ሰክሮ ነው» አሉኝ።

ወሬው ሰፈር ደረሰ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ሲወራ ነው ያደግኩት። ቡዳነት በትምህርት ይገኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ ሳልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ምሳቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ።

እናቴ አለቀሰች። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ሊያጽናናት ብሎ፣ «ምን ያስለቅስሻል? ጌታችን የተቸነከረበት ችንካር እንኳ በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ አይደለም?» አላት።

«ይኸ ነው ማጽናኛህ?» ብላ ባሰባት።

ከሁሉ የገረመችኝ ግን የጓሮ ጎረቤታችን ናት። አንድ ማለዳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝና፣ «እባክሽ የእኔን ላም እንዳታዪብኝ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በወሰን ከምትካሰሰው ጎረቤቷ ግቢ ወደምትታየው ጊደር በአገጯ ጠቆመች። «ያችን ግን ብታይልኝ...»

«እኔ እኮ ያለ መነጽር ላም ከበግ አልለይም» አልኳት።

«እሱማ ዕዳው ገብስ ነው፤ መነጽርሽን አድርጊያ!»

ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው መዶሻቸውን ጥለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን እዚህ ስቀጠቅጥ ጊደር እይልኝ ያለኝ የለም። አንቺ በአንድ ጠማማ ቢላ!» ከዚያ መዶሻቸውን አነሱ። «ለልጄ ሠርግ በሬ ጥዬ ነበር» አሉ። «ሥጋው ለውሻ ተረፈ። ጎረቤት አልመጣም።»

ለገና ቅርጫው በእኛ ግቢ ነበር። ሄጄ ለመንኳቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አካፋዩ የቀረውን ሥጋ እንዳናይበት ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ሻኛውን ከነምኑ ለእኛ ቀድሞ አወጣልን። ከዚያ ቢላዬን አቀበልኩት። ገዘገዘ። ላበው። አይቆርጥም፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? «ሸጋ ቢላ ነው!» አለ። «እንዴታ! እንደ ምላጭ!» አሉ ሌሎቹ፤ ሁለት ጎልማሶች ሥጋውን ከዚህና ከዚያ ይዘው በእጃቸው እየቦጨቁ።

ሽማግሌው አልቻሉም። «ኧረ አይቆርጥም! ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» ብለው ከጋቢያቸው ሥር የራሳቸውን ቢላ አወጡና ታፋውን ከፈሉት። ቅርጫው የቀናው ከዚያ በኋላ ነው። ቀትር አልፏል፤ ጾሙ አርባ ቀን ቆይቷል፤ ሰው ቢላውን እየተቀባበለ ፍርሃቱን በረሃብ ረሳ። አካፋዩ ስለቱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ፣ «አያ፣ እንዲህ ያለ የት ይገኛል?» አለ።

«እዚያው ማዶ። ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ዞራችሁት ስታልፉ አይደል የኖራችሁ?»

አካፋዩ ሥጋው ላይ አጎነበሰ። ከወጣቶቹ ጥቂቶቹ አሁንም ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ። እናቴ ግን ከጓዳ ወጣች፤ ከሻኛው ጠቅልላ፣ በግራ እጇ ከነጠላዋ ሥር እያማተበች ሽማግሌውን አጎረሰቻቸው። ማማተቧን አይተዋል። አላምጠው ዋጡና፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እመቤት» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሁለተኛውን ስታጎርሳቸው ሳቅ እያፈናት፣ ማማተቡን ረስታ በሁለት እጇ ነበር።