ስንጥቅ የሌለው ቤት

ቀለም ቀቢውን ሰፈሩ «ጭጭ» ነው የሚለው። አፉን የሚከፍተው ለመብላትና ለማዛጋት ብቻ ነው ብለው ያሙታል። እሱም አላስተባበለም፤ ለማስተባበል መናገር ይኖርበታላ።

የተወለደበት ቤት ለመንገድ ተብሎ ከፈረሰ ወዲህ እናቱ የምትኖረው እህቱ ዘንድ ነው፤ መኖር ከተባለ። ይዛው የመጣችውን ጓዝ እስካሁን አልፈታችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጓዟን በእግሯ ትነካካለች። እህቱ ፍቺው ብላ ለምና ለምና ደከማት። ጭጭም «እማዬ፣ እዚሁ ኑሪ» ሊላት ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል።

በመጨረሻ የፈረሰውን ቤት ሊስልላት ቆረጠ። ከግድግዳ በቀር ምንም ቀብቶ አያውቅም። አንድ ኮምፔርሳቶ ጣውላ አምጥቶ እንደ ሥራው ልማድ ስቱኮ ለቀለቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ሁለት እጅ ቀባው። በሩን፣ መስኮቶቹን፣ አባቱ ጎንበስ ማለት እየረሳ በየቀኑ ግንባሩን የሚመታበትን ጉበን ሳይቀር በየቦታው አስቀመጠ።

አምጥቶ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሰቀለው። እናቱ ቀርባም ርቃም አየችው።

«የማን ነው?»

«ቤታችን» አለ። ለእሱ ይሄ ንግግር ነው።

«የኛማ እንዲህ ታጥቦ አያውቅም። ይሄ ክሊኒክ ነው።»

እህቱ ሳቋን በእጇ አፈነች። ጭጭ ጓዙን ሰረቅ አድርጎ አየው፤ እንደታሰረ ነው።

ከዚያ ገባው። ሃያ ዓመት የሰው ግድግዳ ስንጥቅ ሲደፍን የኖረ እጁ የራሱንም ቤት ደፍኖት አርፏል። ከበሩ በላይ የነበረው፣ የአጎታቸውን አፍንጫ ቁርጥ የሚመስለው ስንጥቅ የለም። አጎት በመጣ ቁጥር እሱና እህቱ ወደ ላይ ቀና ብለው ከንፈራቸውን ሲነክሱ፣ ሰውየው ጸሎት ላይ ያሉ መስሎት ይመርቃቸው ነበር።

ከኪሱ ምስማር አውጥቶ ይቧጥጥ ጀመር። አፍንጫው ብቅ ሲል እናቱ ተጠጋች።

«ጎበጥ አድርገው» አለች። አጎበጠው። «ቀዳዳውም ሰፊ ነበር።» አሰፋው። «ጣሪያውስ? ማፍሰሱን ተወ?»

ጭጭ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደና ከጣሪያው ጥግ እስከ ታች አንድ የተንቀጠቀጠ መስመር ለቀቀ።

እናቱ ጎንበስ ብላ ጓዟን ፈታች። ከልብሶቹ መሀል የዛገ ጣሳ አወጣችና ከሥዕሉ ስር፣ ልክ መስመሩ በሚወርድበት፣ አስቀመጠችው።

«በሉ፣ ልብሴን የት ላድርግ?» አለች።