ጎል ሲገባ የማይኖረው ሰው

አርኺፕ ሉኪች ዕድሜ ልኩን የደገፈውን ክለብ ጎሎች አብዛኞቹን የሚያውቃቸው በጆሮው ነው። በዓይኑ ያያቸው ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ውጤቱ ከለየለት በኋላ የገቡ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በጎልማሳነቱ፣ በሽመና ፋብሪካው የማሽን ጠጋኝ ሳለ ነው። አንድ ቀን ቡድኑ እየተመራ አርኺፕ ራበውና ፒሮዥኪ የሚሉትን ጎመን የተሞላ ዳቦ ሊገዛ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ወዳለው ኪዮስክ ወረደ። ገና አንድ ጊዜ ሳይገምጥ ከራሱ በላይ ያለው ጣውላ ተንቀጠቀጠ። ጎል ገብቷል። በሚቀጥለው ጨዋታም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ግን አልራበውም ነበር። ከኋላው የሚቀመጠው የአውቶቡስ ሾፌሩ ሮዲዮን ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ውረድና የሆነ ነገር ግዛ።»

«አልራበኝም።»

«ስለ ሆድህ ማን ጠየቀህ?»

ወረደ፤ ጎል ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ።

ማንም አልሳቀበትም። ክለቡ «ሸማኔ» ይባላል፤ በክልያዝማ ወንዝ ዳር ላለችው ከተማ የመጀመሪያውን ኳስ ያመጡት፣ በሩሲያው ንጉሥ ዘመን ማሽን ሊተክሉ የመጡ እንግሊዞች ናቸው። መጀመሪያ በፋብሪካው ባለቤት ስም፣ ከአብዮቱ በኋላ «ቀዩ ሸማኔ» እየተባለ ሲጠራ ኖረ። ዛሬ ፋብሪካው የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ሸማኔ የሚባል የቀረው በሜዳው ላይ ብቻ ነው። ይህን ያህል የኖረ ክለብ ያለ ወግ አይኖርም። በጨዋታ ቀን ጢም አይላጭም። «እናሸንፋለን» ተብሎ አፍ አይከፈትም። ጋዜጣ በጣውላው ላይ ተነጥፎ ይቀመጡበታል፤ የሱፍ ፍሬ ልጣጩ እዚያው እግር ሥር ይተፋል። ጨዋታው ሲጨንቅ ደግሞ አርኺፕ ወደ ታች ይላካል።

ከታች ካፒቶሊና ነበረች። ፒሮዥኪና ሻይ የምትሸጥ፣ ፊቷ ወደ ደረጃው፣ ጀርባዋ ወደ ሜዳው የሆነ ልጅ። ከጨዋታው የምታየው የሚወርዱ ሰዎችን ጫማ ብቻ ነው።

«መጣህ ደግሞ? ስንት ለስንት ናቸው?»

«አንድ ለባዶ እየተመራን ነው።»

«እንግዲያው ሳትንቀሳቀስ ቁም።»

ሁለቱም ወደ ጣውላው አንጋጠው ይጠብቃሉ። ጎል ሲገባ በስንጥቁ አቧራና የሱፍ ልጣጭ ስለሚዘንብ፣ ካፒቶሊና መዳፏን በሻዩ ብርጭቆ ላይ ትከድናለች። መጀመሪያ የራሷን ብርጭቆ ነበር የምትከድነው። አንድ ቀን የእሱን ከደነችለት፤ አርኺፕም ይህን ልብ አለ። በዚያው ክረምት ተጋቡ። በሠርጉ ላይ ሮዲዮን መለኪያውን አነሣና «ይህን ጋብቻ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለክለቡም ነጥብ አግኝቼበታለሁ» አለ።

ዘንድሮ ካፒቶሊና ጉልበቷ እምቢ ስላላት የኪዮስኩን ቁልፍ አስረከበች። በጥቅምት መጨረሻ፣ ለዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ደህናውን ካፖርቷን ለበሰች።

«አንድ ጎል አብረን እንይ» አለችው። «አንድ ብቻ። በዓይናችን።»

«ከአጠገብሽ አልነሣም» ሲል ቃል ገባላት።

ይህን ሲል ጨዋታው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሸማኔ ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። አቻ አያዋጣውም።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ቆየ። ካፒቶሊና መጀመሪያ ከሜዳው ይልቅ የምታየው ከፊቷ የተቀመጡትን ሰዎች ኮፍያ ነበር። «ያ ብቻውን የቆመው ለምን ሌላ ቀለም ለበሰ?» ብላ ጠየቀች። «በረኛው ነው» አላት። ሮዲዮን ከኋላ ሲያቃስት፣ ሲያስል፣ ቆይቶም ትከሻውን ሲነካው አርኺፕ ዞሮ አላየውም።

«አርኺፕ።»

«አልሄድም።»

«አልሄድም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ለሚስቴ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ሮዲዮን ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ካፒቶሊና ማትቬየቭና፣ እባክዎ ይህን ሰው ይልቀቁት።»

«መች ያዝኩት? ይኸው እጄ።»

«ክለቡ ቢወርድ ታሪክ ይፋረድዎታል።»

«ታሪክ እኔን የት ያውቀኛል? እኔ ከታች ነበርኩ።»

መደዳው ሳቀ። ከላይ አንድ ጎረምሳ «አጎት አርኺፕ፣ እግርዎ ደነዘዘ እንዴ?» አለ። አርኺፕ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ሜዳውን አፍጥጦ አየ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሸማኔ አጥቂ የመታው ኳስ የጎሉን ቋሚ ገጭቶ ተመለሰ። ካፒቶሊና የባሏን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ከዚያ በኋላ ኮፍያም አላየች፣ ስለ ቀለምም አልጠየቀች። ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ኳሷ በሄደችበት አንገቷን ታዞር ጀመር። የዳኛውን ሰዓት ባታየውም ጊዜው እያለቀ መሆኑን ከሮዲዮን ማቃሰት ታውቃለች።

«አርኺፕ» አለችው ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

«ምነው?»

«ውረድ።»

«ቃሌስ?»

«ቃልህን መልሼልሃለሁ። ውረድ አልኩህ፤ ጉልበቴ ደህና ቢሆን ጎትቼ አወርድህ ነበር።»

ሮዲዮን ኮፍያውን አወለቀላት።

አርኺፕ ወረደ። በኪዮስኩ ያለችው አዲሷ ሻጭ ሻዩን በወረቀት ኩባያ ሰጠችውና ወደ ስልኳ ተመለሰች። የሚከድንለት ስላልነበረ የራሱን መዳፍ ከደነበት፤ ወደ ጣውላውም አንጋጠጠ። ከላይ ዝም አለ። ያን ዝምታ ያውቀዋል፤ ሁሉም ትንፋሹን ሲይዝ ነው። ከዚያ ጣውላው ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው እጁ ላይ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ የሴት ድምፅ ሰማ። ካፒቶሊና ስትጮኽ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም፤ ሆኖም ለየው።

ሲመለስ የአንገት ልብሷ መሬት ወድቋል፤ የማታውቀው ሰው አቅፏታል።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

ሸማኔ በዚያች ጎል አሸንፎ ከመውረድ ተረፈ። በወንዙ ዳር ቀስ እያሉ ወደ ቤት ሲሄዱ ትነግረው ጀመር። «ያ ቀጭኑ፣ ሸሚዙ ከቁምጣው የሚወጣበት፣ ለራሰ በራው ሰጠው። ራሰ በራው ሊወድቅ ሲል እንደምንም ለዚያ ለትንሹ ገፋለት። እሱ መታት።»

«በየትኛው እግር?»

«እግሩን ምን ልሁን ብዬ አያለሁ? ፊቱን ነው ያየሁት። ከመምታቱ በፊት ፈገግ አለ። ሊጡን ኩፍ ብሎ ያገኘ ሰው ነው የመሰለኝ።»

አርኺፕ በሕይወቱ ብዙ ጎል ተተርኮለታል። ስለ ግራና ቀኝ፣ ስለ ተከላካዩ ስህተት፣ ስለ መረቡ ጥግ የነገረው ሰው ሞልቷል። የመታው ሰው ፊት ምን ይመስል እንደነበር የነገረው ግን ማንም አልነበረም። ትንሹን ተጫዋች ፈገግ ሲል አየው፤ ከአጠገቧ ተቀምጦ ያየው ያህል።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ይዞ ቆመ።

«እስቲ ድገሚልኝ። ከቀጭኑ ጀምሪ።»

«መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ» አለች ካፒቶሊና፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሲፈታ ግን ጀምራው ነበር።