ከዋናው በር በላይ ያለው አበባ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ኖራ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን ፀጉሩ ኖራ ለብሶ ስለኖረ፣ ሽበት ሲመጣበት እንኳ ማንም አላወቀበትም። ባለቤቱ በአሮጌው የመንግሥት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። «የሰው አቧራ ጠርጌ ስመለስ አንተ አዲስ ይዘህልኝ ትገባለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትጠርግ፣ ከዋናው በር በላይ ለጌጥ ከተደረደሩት የኖራ አበቦች አንዱ ተፈንቅሎ አናቷ ላይ ወደቀ። ክረምቱን አልጋ ላይ ከርማ አረፈች።

ከዓመታት በኋላ ሕንፃው ይታደስ ተባለ። እንዲያ ያለ አበባ ማውጣት የሚችል ለሳኝ ቢፈለግ ከእሱ በቀር ጠፋ። አዲሱ ርዕሰ መምህር ቤቱ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎን መጠየቁ ከብዶኛል» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ጋሽ ኖራ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ አበቦቹ ነበር። «የቀሩት እንዴት ናቸው? ጠብቀዋል?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው ወጥቼ ልያቸው።»

ሴት ልጁ ይህን ስትሰማ ነደደች። ባል አግብታ ማዶ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ በሥራ ልብሷ እየበረረች መጣች።

«አባዬ፣ እናቴን የገደለውን ግንብ ልታሽሞነሙነው ነው?»

«ሌላ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው፣ ልጄ።»

«አፍርሰው አይጥሉትም ታዲያ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ደጁን አልረገጠችም።

መወጣጫው ላይ ሆኖ ሲነካካቸው አበቦቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቁ። የያዛቸው ብረት በዝገት አልቋል። አንድ በአንድ ነቅሎ አወረዳቸው። ቅርጹ ያልጠፋውን መርጦ ፎርማ አወጣበት፤ ኖራና አሸዋ አቡክቶ፣ መሐሉ አዲስ ብረት ቀብሮ፣ እንደገና ሠራቸው። ባለቤቱ ላይ የወደቀው አበባ የነበረባትን ባዶ ቦታ ግን ለመጨረሻ አቆያት። እጁን ሲሰድ የተበጠሰው ብረት ጫፍ ጣቱን ወጋው። እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ፤ ያን ቀን መሣሪያውን ሰብስቦ ወረደ። በማግስቱ ተመልሶ ሞላት።

በምረቃው ዕለት ስለ ሕንፃው ውበት ብዙ ተነገረ። ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ጭብጨባው ሳያልቅ ጋሽ ኖራ ወጥቶ በእግሩ ወደ ልጁ ቤት ሄደ።

በሩን ከፈተችለት። ወንበር ሳበች፣ ውሃ ሰጠችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የሠራኸው ጠንካራ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እያንዳንዱ ላይ ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«ታዲያ በማን ልሞክረው?»

ልትስቅ ቃጣትና ከንፈሯን ነከሰች። «እሷን አይመልስልኝም፣ አባዬ።»

«አይመልስም።»

«ልጄን እዚያ ትምህርት ቤት አላስገባም። እንዳትለምነኝ።»

«አልለምንሽም» አለ። ውሃውን ጠጣ። እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ።