ከመቶ መቶ ሦስት ያመጣው ወንፊት

ኤርሲዶ ከሆሳዕና ወዲያ ካለች መንደር ተነሥቶ ጅማ የገባው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለሦስት ወር ቡና ለቀማ ነበር። ሦስቱ ወር ሠላሳ አራት ዓመት ሆነ። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈው በአጋሮ መውጫ ካሉት ቡና ማበጠሪያዎች በአንዱ፣ ከአንድ የሚንቀጠቀጥ ወንፊት አጠገብ ቆሞ ነው። ወንፊቱ የአይሱዙ ጋቢና ያክላል። ሥራው ግን ቀላል ነው። የተፈለፈለ ቡና በአንደኛው ጫፍ ይገባል፣ ወንፊቱ ይርገፈገፋል፣ ትንሹ ፍሬ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ትልቁ ከላይ ከላይ እየዘለለ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ትልቁ ባሕር ይሻገራል፣ ትንሹ እዚሁ ከእኛው ጋር ይቀራል።

ኤርሲዶ ይህን ማሽን የሚመራው በጆሮው ነበር። ድምፁ ሲከብድ የማስገቢያውን በር ጠበብ፣ ሲቀል ሰፋ ያደርጋል። አንዳንዴ መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፍና «ዛሬ ጠግቧል» ወይም «ዛሬ ርቦታል» ይላል። ለማያውቀው ሰው ስለ በሬው የሚያወራ ይመስል ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ከሚንቀጠቀጥ ነገር ጋር የዋለ ሰው እንዲሁ አይቀርም። የቡና ወቅት ሲጦፍ ኤርሲዶ ቤቱ ገብቶም ሰውነቱ አያርፍም፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። አንድ እሑድ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ዐይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ሲርገፈገፍ ያዩት ሽማግሌዎች የጸሎት ቡድን መሪ አድርገው ሾሙት። «ኧረ የሥራ ነው!» ቢላቸው፣ «ትሕትናው ደግሞ!» አሉ። ክረምት ገብቶ ማሽኑ ሲቆም መንቀጥቀጡም ተወው። ይሄኔ ሽማግሌዎቹ አዝነው ቤቱ ድረስ መጡና፣ «ወንድም ኤርሲዶ፣ በጌታና በአንተ መሀል ምን ነገር ገብቶ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሚስቱ ጵርስቅላ ሳቋ ሲያመልጣት ጓዳ ገባች።

ይህን ሁሉ በሰላም ሲኖር ቆይቶ፣ ባለፈው ዓመት የቡና ወቅት እንደ ተጀመረ፣ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የእያንዳንዱ ማሽን ቅልጥፍና በቁጥር ተለክቶ ሐሙስ ሐሙስ ይላክ ይላል። አብሮት የመጣው ቅጽ ሁለት ቦታ ብቻ ነበረው፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ቅልጥፍና።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘለቀ የዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው። ቆሞ አነበበና እየሮጠ ወደ ወንፊቱ መጣ።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ወንፊቱ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ቅልጥፍናው!»

«ቀልጣፋ ነው።»

«እሱማ ይሁን። ቁጥሩን ነው የምልዎት።»

ኤርሲዶ ቁጥር አልነበረውም። ያለችው ነጅላ ነበረች። ነጅላ የጊንጆ ልጅ ናት፤ ከየጆንያው ናሙና እየወሰደች የምትመዝን፣ ፈጣንና ሳቂታ ሴት። ከቅጹ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብባ ለኤርሲዶ አስረዳችው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ቀላል ነው። ቡናው ከመግባቱ በፊት አንድ ኪሎ እናነሣና በእጅ ወንፊት ለይተን ትንሹ ስንት እንደሆነ እናያለን። ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደወረደ እንመዝናለን። ከመቶ ትንሽ ፍሬ ስንቱ ወረደ፣ ስንቱ በትልልቁ ተሸሽጎ አመለጠ፤ ይኸው ነው።»

ለኩ። ሰባ አንድ ሆነ። ኤርሲዶ ፊቱ ጠቆረ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ዝቅተኛ ውጤት ይዞ የመጣ ያህል ከፋው። ቁጥሩ ተላከ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አንድ ቃል ናት፦ «ይሻሻል።»

ማሻሻል ለኤርሲዶ አልከበደውም። ገበያ ሲወጣ በጠባብ በር የተጋፋ ሕዝብ መሀል ትንሹ ልጅ መውጫ ያጣል፤ ሰው ሲሳሳ ግን ሾልኮ ይሄዳል። ቡናም እንደዚያው ነው። የማስገቢያውን በር በግማሽ ዘጋው። ሰማንያ ስምንት መጣ። «ይሻሻል» አሉ። ደግሞ ዘጋው። ዘጠና ስድስት። አቶ ዘለቀ ለሠራተኛው ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። መልሱ ግን «ይሻሻል» ነበር።

ችግሩ፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር ወንፊቱ ይቀልጥፍ እንጂ ቡናው አያልፍም። በቀን ሦስት መቶ ኩንታል ያበጥር የነበረ ማሽን አርባ ላይ ወረደ። ወቅቱ ደግሞ ቡና የጦፈበት ነው። ከጌራ፣ ከሊሙ፣ ከጎማ የሚመጡ መኪኖች ግቢው ሞልቶ ውጭ ተሰለፉ። ሰልፉ ረዝሞ አስፋልቱን ይዞ ዞረ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ካርታ ተጫወቱ፣ ቀጥሎ ኑሮ ጀመሩ። ቦና የሚባል የጌራ ሾፌር በቾ ቦሬ በሚባለው የጅማ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሚስቱን አስመጣ። አንዱ ደግሞ ከሰልፉ ጥግ ሻይ የምትሸጥ ልጅ አጭቶ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም ከዚያው ከሰልፉ የተመረጡ ሾፌሮች ነበሩ።

ቦና በየጠዋቱ ይመጣል። «ኦቦ ኤርሲዶ፣ አካም ቡልተን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቦና።»

«ማሎ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬ ዘጠና ስምንት ገብተናል።»

«እኔ መቼ እገባለሁ ነው ያልኩት!»

በሦስተኛው ወር አንድ ሐሙስ ነጅላ መዘነች። ደግማ መዘነች። ሚዛኑን በመዳፏ ጠርጋ ሦስተኛ መዘነች።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ግራም ትንሽ ነው የገባው። ሁለት መቶ ስድስት ግራም ነው የወጣው።»

«ስድስቱ ከየት መጣ?»

«አላህ ያውቃል። መቶ ሦስት በመቶ ሆኗል።»

ኤርሲዶ ወደ ወንፊቱ ጎንበስ ብሎ አየ። ቡናው ከመሳሳቱ የተነሣ ፍሬው ባዶ ብረት ላይ እንደ ፈንዲሻ ይዘላል። ወርዶ ሲመታ ይሰነጠቃል። ከሥር ከወረደው ዘገነና በጣቱ ለየው።

«ነጅላ፣ ይሄ ትንሽ አይደለም። ግማሽ ትልቅ ነው።»

ይህንኑ ለአቶ ዘለቀ ነገረው፤ ወንፊቱ ባሕር የሚሻገረውን ቡና እየሰበረ ነው፣ በሩን እንክፈተው አለው። አቶ ዘለቀ ግን መቶ ሦስት ከሚለው ቁጥር በኋላ የተነገረውን አልሰማም። በቴሌግራም ላከው። በዚያን ቀን መልሱ ደቂቃ አልፈጀም፤ «ይሻሻል» የሚልም አልነበረበትም። «እንመጣለን» ይላል።

መጡም። የልዑካኑ መሪ ልዑልቃል የሚባል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የቅልጥፍና ክፍል ኃላፊ ነው፤ ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከእጁ የማይለይ ሰው። ከኋላው የሌሎች ማበጠሪያዎች ሥራ አስኪያጆች ተከትለውታል፤ «ጅማ መቶ ሦስት አምጥቶ እናንተ ዘጠና ላይ ምን ትሠራላችሁ?» ተብለው ለትምህርት የመጡ ናቸው። አቶ ዘለቀ የግቢው በር ላይ «ከመቶ በላይ ይቻላል!» የሚል ጨርቅ ሰቅሏል። ወንፊቱ ላይ ሪባን አሰረለት። ማሽኑ ሲነሣ ሪባኑ ተፈታና ወንፊቱ ላይ ወደቀ፤ ወንፊቱም እንደ ሥራው ለይቶት ከትልልቁ ፍሬ ጋር አወጣው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ለዕይታ የገባው ቡና አንድ ቁና አይሞላም። ሁሉም እየተፈራረቀ ከወንፊቱ ጎን ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ልዑልቃል ወደ ኤርሲዶ ዞረ።

«አባባ፣ ምስጢሩን ይንገሩን።»

ኤርሲዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምስጢር የለውም ጌታዬ። ይሰብራል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ትልቁን ሰብሮ ትንሽ ያደርገዋል። የተሰበረውም ከትንሹ ጋር ይቆጠራል። ሦስቱ በመቶ ስባሪ ነው።»

አቶ ዘለቀ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ልዑልቃል ብዕሩን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበና፣ «ይሰብራል የሚለው ቃል ትንሽ ከበድ ይላል፤ መጠን ያስተካክላል ብንለውስ?» አለ። ሌሎቹ «መጠን ያስተካክላል» ብለው ጻፉ። «እና አባባ፣ በዚህ ከቀጠለ እስከ ስንት ሊደርስ ይችላል?»

ኤርሲዶ ትዕግሥቱ አለቀ። «ከኪሎው ሁለት መቶው ግራም ነው ትንሹ። የቀረውን በሙሉ ከሰበረው አምስት መቶ በመቶ ይደርሳል» አለ።

ቀልዶ ነው። ግን የሳቀ የለም። ልዑልቃል ደብተሩ ላይ ጻፈና ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። በማግሥቱ አቶ ዘለቀ የአምስት መቶውን ዕቅድ እንዲያብራራ ከልዑካኑ ጋር አዲስ አበባ ተወሰደ።

በዚያ ምሽት ኤርሲዶ እራት ላይ ለጵርስቅላ ሁሉንም ተረከላት። ትስቃለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ጉርሻዋን አስቀምጣ፣ እንደ ወትሮው በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «የቃልዬ አባት፣ እነዚያ ሾፌሮች ከቤታቸው ከወጡ ስንት ቀን ሆናቸው?» አለችው።

«የቦና አርባ አንድ ቀኑ ነው።»

«አርባ አንድ ቀን! የገበሬው ቡናስ? ጆንያ ውስጥ እንደሆነ ዝናብ ቢመታውስ?»

ኤርሲዶ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ወንፊቱን «ዛሬ ርቦታል» ይለው የነበረው ትዝ ሲለው አፈረ፤ በገዛ እጁ አስርቦት፣ ሲርበው የሰበረውን ቆጥሮ ሊያሸልመው ነው።

ጠዋት ማንንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተው። የከፈተው ድሮ በሚያውቀው ልክ ነው፤ ቡናው ወንፊቱን እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው፣ መዝለሉም ቆመ። ነጅላ በግድግዳው ጥግ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ሥራዎን እንዳያጡ!» ብላ ጮኸች፤ ግን ጆንያ የሚሸከሙትን ወጣቶች የጠራችውም እሷው ናት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ገቡ። ቦና ሲገባ መሪውን ለቆ አጨበጨበ፤ መልሶ ለመያዝ ትንሽ ቢዘገይ ግንብ ይመታ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰልፉ አልቆ የቀሩት እጮኞቹ ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሲደርስ ለኩ። ሰባ አራት። ስባሪ የሚባል አልተገኘም። ኤርሲዶ ቅጹን ይዞ ቆየ። ሰባ አራት ብሎ ብቻ ቢልክ ውሸት እንደሆነ ተሰማው፤ ከመቶ ሦስቱም የባሰ ውሸት። ስለዚህ ወረቀቱን እዚያው የሚሠራው ማሽን ብረት ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች መስመር ጎተተና ሦስተኛ ቦታ ሠራ። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መስመሩ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ከላዩ «ስንት ኩንታል አለፈ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «310 በቀን» አለ። ላከው።

አቶ ዘለቀ ከአዲስ አበባ በርሮ መጣ። «ጋሽ ኤርሲዶ! አምስት መቶ ብዬ ፈርሜ ሰባ አራት ይልካሉ?»

«አምስት መቶውን እኮ እኔ ስቀልድ ነው፣ አቶ ዘለቀ።»

«እኔ ግን ስፈርም አልቀለድኩም!»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰው። ጥፋቱ ወንፊቱን መክፈቱ አልነበረም፤ «ያልተፈቀደ ዓምድ በማስመር» ይላል። ኤርሲዶ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩን ግን አልዘጋውም፤ አቶ ዘለቀም ግቢው ባዶ፣ መጋዘኑ ሙሉ መሆኑን ዞሮ ካየ በኋላ ይዝጉት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

በቀጣዩ ወር ዋናው መሥሪያ ቤት የታተመ ቅጽ አለቀበት። የጽሕፈት ቤቱ ሰው እጁ የገባለትን አንዱን አሮጌ ቅጽ ቁጥሩን በነጭ ቀለም አጥፍቶ ፎቶ ኮፒ አነሣና ለሁሉም ማበጠሪያ በተነ። እጁ የገባው የኤርሲዶ ነበር። እንዲህ ሆኖ ያ የተጠማዘዘ መስመርና ያ የእጅ ጽሑፍ እስከ በደሌና ሚዛን ተፈሪ ደረሰ። ሁሉም ሳይጠይቅ ሞላው። አንዳንዱ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ብሎ ከጎኑ «12 ኩንታል» ጻፈ። ያኔ ነው ዋናው መሥሪያ ቤት ቡና የማያልፍበትን ወንፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። የአምስት መቶውን ዕቅድ ማን እንዳነሣው ተጠይቆ፣ ያነሣ ሰው ጠፋ። የኤርሲዶ ማስጠንቀቂያ ግን እስከ ዛሬ አልተሰረዘለትም።

ግንቦት ላይ ወርቅአገኘሁ የሚባል የበደሌ ማበጠሪያ ሠራተኛ ደወለለት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ይህ ሦስተኛው ዓምድ ከእናንተ ነው የመጣ አሉ። እኛ ኮምፒውተር ላይ መስመሩን ቀጥ አድርገን ሠርተን ብንልክ፣ ቅጹ ትክክለኛው አይደለም ብለው መለሱብን። መስመሩ እንዴት ነው እንዲህ የሚጠማዘዘው?»

ኤርሲዶ ሊያስረዳው ብዙ ሞከረ። ሰውየው አልገባውም። በመጨረሻ፣ «ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አድርጋችሁ አስምሩት፣ ራሱ ይጠማዘዛል» አለው። ወርቅአገኘሁ አመስግኖ ዘጋ።

በሳምንቱ ከሊሙ ሌላ ሰው ደወለ። እሱ ደግሞ የጠየቀው ሲሰመር ማሽኑ በምን ያህል ፍጥነት መሄድ እንዳለበት ነው።