የሚተነፍሰው ድንጋይ

አባቴ የባትሪ ድንጋይ አይጥልም። የሬዲዮው ድምፅ ሲሰልል ድንጋዮቹን አውጥቶ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ እምቢ ካሉ በጥርሱ ይነክሳቸዋል፤ አሁንም እምቢ ካሉ «ገና ነፍስ አላቸው» ብሎ አልጋ ሥር ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ካዛንቺስ ውስጥ የእኛን ያህል የሞተ ድንጋይ ያለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ በዚህ ካርቶን አፍር ነበር። አሁን ግን፣ በቃ፣ ልፎክርበት ነው።

ነገሩ የጀመረው የኬሚስትሪ ቲቸራችን ስለ ፊውል ሴል፣ ማለትም ነዳጅን ሳያቃጥል ከአየር ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ ዕቃ፣ ያስተማረን ቀን ነው። ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ኤሌክትሪክ ለመስጠት ይረዳል፣ ግን ሰነፍ ስለሆነ ካታሊስት ይፈልጋል አለን። «ካታሊስት ማለት ደላላ ነው። ሁለቱን ያገናኛል፣ እሱ ግን ቤቱ ውስጥ አይገባም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ችግሩ ጎበዙ ደላላ ፕላቲነም ነው፤ እሱን የሚችለው ሀብታም ብቻ።

«ርካሽ ደላላስ የለም ቲቸር?» አልኩ።

«አለ። የተራ ብረታ ብረት ኦክሳይዶች ይሞከራሉ። ለምሳሌ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፤ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት።»

የጫማው ካርቶን ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ለሳይንስ ክበቡ ኤግዚቢሽን አንድ ጠረጴዛ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቲቸር «እስከ ዓርብ በአየር የሚሠራ ነገር ካሳየሽኝ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለእሳተ ገሞራዎቹ» አለኝ። እሳተ ገሞራዎቹ ማለት ከጭቃ በሠሩት ተራራ ላይ አቼቶና ቤኪንግ ፓውደር እየደፉ አረፋ የሚያስተፉ የክፍላችን ወንዶች ናቸው። ለአረፋ ጠረጴዛ! ሞቼ ነው የምሰጣቸው።

ጓደኛዬ እህቷ ፀጉር ቤት ስለምትሠራ፣ የፀጉር ቀለም የሚጠቀለልበትን ፎይል አመጣች። እኔ ከሰል በጠርሙስ ፈጨሁ። ፎይል፣ በጨው ውሃ የራሰ ሶፍት፣ ላዩ ላይ የከሰል ዱቄት። እንዲህ ያለ ሁለት ሠርተን በሽቦ አያያዝንና ከሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት ጋር አገናኘነው። የሰከንዱ ዘንግ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጥ ብቻ።

«ወባ ይዞታል እንዴ?» አለች ጓደኛዬ።

ደላላው ነው የጎደለው። ወደ አባቴ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ከካርቶኑ አንድ ድንጋይ ስጠኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልሰብረው።»

«አንቺ ልጅ! ነፍስ አለው እያልኩሽ?»

«እሱን ላረጋግጥልህ ነው እኮ!»

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። ከዚያ የጥርሱ ምልክት ያለበትን አንድ አሮጌ ድንጋይ መርጦ ሰጠኝ። «ሰዓቱንስ ከግድግዳው ማን ወሰደው?»

«እሱም እኔ ነኝ። በቃ አንድ ላይ ተቆጣኝ።»

ጥቁሩን ዱቄት ከከሰሉ ጋር ደባልቀን ሽቦውን ስንነካው፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ተቃቅፈን ዘለልን። በጓደኛዬ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ አሥሩም ጣቶቼ እስከ ዛሬ አሉ።

ዓርብ ደረሰ። ቲቸር ጎንበስ ብሎ አየና «ጎበዝ» አለ። ከዚያ «ግን» አለ። እኔ ይህን ቃል አልወደውም።

«ግን የባትሪ ድንጋይ ከከተትሽበት ያው ባትሪ ነው የሠራሽው። ደላላው ራሱ ተከራይ ሆኖ ገብቶ ቢሆንስ? አየሩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?»

«ከድንጋይ ድንጋይ ሠራች!» አለ ከእሳተ ገሞራዎቹ አንዱ።

ጆሮዬ ጋለ። ጠረጴዛዬ ሲሄድ ታየኝ። ማለቴ፣ እውነትም አየር ከሆነ... አየር ከሆነ...

«ፌስታል!» ብዬ ጮህኩ። «ፌስታል ያለው!»

ጓደኛዬ ዳቦዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ፌስታሏን ሰጠችኝ። ሁለቱንም የፎይልና የከሰል ድርብርቦች በፌስታሉ ጥብቅ አድርጌ አፈንኳቸው። በአየር ከሆነ የሚሠራው፣ አሁን መቆም አለበት። ሰዓቱ ግን ቀጭ፣ ቀጭ። ስንት ቀን እንዲንቀሳቀስ የለመንኩትን ሰዓት «ሙት፣ በናትህ ሙት» እያልኩ ለመንኩት። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ጤነኛ ነው ልጁ» አለ እሳተ ገሞራው።

ቲቸር ሊነሳ ሲል ቀጭታው ዘገየ። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። ቆመ።

«ሞተ! ሞተ!» ብዬ በደስታ ጮህኩ። የጎረቤት ክፍል ቲቸር ማን ሞተ ብላ ሮጣ መጣች።

ፌስታሉን ቀደድኩት። ዘንጉ አልተነሳም። እሳተ ገሞራዎቹ እንኳ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ከዚያ... ቀጭ።

«ተነፈሰ» አለ ቲቸር፣ እየሳቀ። «ጠረጴዛው ያንቺ ነው።»

በኤግዚቢሽኑ ቀን «ይህ ድንጋይ ይተነፍሳል፤ እባክዎ አይሸፍኑት» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ። ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ደላላው አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ የተሰበረውን ድንጋይ ቆርቆሮ ከጠረጴዛዬ አንስቶ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ምልክቷን ያሳይ ጀመር።

«ይቺን አዩዋት? የኔ ጥርስ ናት።»