የባና ኮርኒስ

ታላቅ ወንድሜ የእናታችንን ቤት የሳር ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ ያለበሰ ጊዜ አንኮበር ላይ እንደኛ የኮራ አልነበረም። እሱማ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ እያየ ፂሙን ይዳብስ ነበር። እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ብርዱ የገባብን ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሳሩ ሙቀት አቅፎ ያድር ነበር፤ ቆርቆሮ ምኑንም አይዝም። ቀን ፀሐይ ስትበረታ ከሥሩ መቀመጥ አናት ይበሳል። በጥር በታኅሣሥ ደግሞ ማታ የያዘው ውርጭ ጠዋት እየቀለጠ እናቴ አልጋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

እናቴ በራሷ መላ ያዘችው። የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የመስኮቱን ክፍተት፣ የበሩን ሥር ሁሉ በጨርቅ ትወትፍና ከሰል በማንደጃ አቀጣጥላ ታስገባለች። ራሷን ሲያማት "ንፋስ መታኝ" ትላለች፤ ጨርቅ ትጨምራለች። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ወንፊት ልትመልስ የመጣች ጎረቤት ብታንኳኳ መልስ አጣች። ገፍታ ብትገባ እናቴ ማንደጃው አጠገብ ተዘርራለች። ጎትታ ደጅ አወጣቻት፤ ነፋሱ መለሳት። ያችን ሴትዮ ዛሬም ባየኋት ቁጥር ጉልበቷን ልስም ይቃጣኛል።

ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም የከሰል ጭስ ሳይታይ እንደሚገድል አስረድቶ ማንደጃ ዳግመኛ ቤት እንዳይገባ አስጠነቀቀ። ወንድሜ ደግሞ እዚያው አልጋዋ ሥር ቆሞ ፈረደ፤ አረርቲ እሱ ዘንድ ትሄዳለች፣ አገሩ ሞቃት ነው፣ አበቃ። አባታችን ቄስ ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ባለው ቤተ ክርስቲያን ሲቀድሱ ኖረው እዚያው ግቢ ተቀብረዋል፤ እናቴም ቦታዋ ከእሳቸው ጎን እንደሆነ ከቆረጠች ቆይታለች። "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወንድሜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስንት ለምኜው አንድ ቃል ሰጠኝ፤ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ቤቱ ያለ ከሰል ከሞቀ ትቀመጣለች፤ ካልሞቀ መኪና ተኮናትሮ መጥቶ ይወስዳታል።

እኔ ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ ስለ ብርድ ማንም አያስተምረኝም። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ሄድኩ። ብሰካው የእኛንም የጎረቤቱንም መብራት ድርግም አደረገው። ለካ ያ አሮጌ መስመር የሚችለው አምፖል ብቻ ኖሯል። ጎረቤት ሳይስቅብኝ ማሞቂያውን ጠቅልዬ መለስኩት።

ከዚያ ወደ ጣራው ዞርኩ። አናጢ አምጥቼ ከቆርቆሮው በታች የሞራሌ እንጨት አስመታሁና ጆንያ አስወጠርኩ፤ ኮርኒስ መሆኑ ነው። በላዩ ላይ ግን ሙቀት የሚይዝ ነገር ይፈልጋል። የበግ ሱፍ እንደሆነ አገራችን ሞልቷል፤ መዘዞ ገበያ ሄጄ በሱፍ የተሠራ ያረጀ ዝተት ለቃቀምኩ። አልበቃም፤ በእናቴ አልጋ አናት በኩል ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ ሳጥኗን ከፈተችና የአባታችንን ጥቁር የሱፍ ባና አወጣች። ከሞቱ ወዲህ ማንም እንዲነካው ፈቅዳ አታውቅም።

"የእሳቸው ነው" አለች። "ከላዬ ይሁን።"

አናጢው ተቀብሏት ልክ ከአልጋዋ በላይ አነጠፈው። እኔ ደጅ ወጥቼ ትንሽ አለቀስኩና ገባሁ።

ምድጃውን አንድ የደብረ ብርሃን በያጅ ከላሜራ ሠራልን፤ ጭሱ በቱቦ በጣራው በኩል ይወጣል። ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ ሱፉን እሳት እንዳያገኘው ኮርኒሱን ሰፋ አድርጎ ቆርጦ በቆርቆሮ ከለለው። እዚህ ላይ አላማውም፤ ግን መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሏል። እሱ እንደሄደ ባሕር ዛፍ አነደድን። ወዲያው ከመንደሩ በታች ካለው ገደል የሚመጣው ንፋስ ተነሣና ጭሱን በቱቦው መልሶ ቤት ውስጥ አፈሰሰው። የጥቅምቱ ጠዋት የተመለሰ መሰለኝ። እናቴን በክንዷ ይዤ ደጅ አወጣኋት።

ጭሱ ወጥቶ ስንገባ እናቴ ነጠላ ዘርግታ የአባታችንን ዳዊት፣ መቁጠሪያዋን፣ የክት ቀሚሷን መቋጠር ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በያጁ ሱቅ በር ላይ ተገኘሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን እንዲህ በጨዋ ደንብ አልነገርኩትም። እሱም ደብረ ብርሃን ስንት ቤት ምድጃ ሠርቶ ማንም እንዳልወቀሰው እየማለ ተከራከረኝ። ጎትቼ መልሼ ወሰድኩት። ጣራው ላይ ወጥቶ ንፋሱን ፊቱ ላይ ሲቀበል ክርክሩን ትቶ ቱቦውን በእጁ ለካ። ቱቦው ከጣራው ጫፍ በታች ቀርቶ ኖሮ ንፋሱ ከላይ ይደፍቀዋል። ከጫፉ በላይ አስረዘመውና የቆርቆሮ ቆብ ደፋበት። አነደድን። ንፋሱ እንደ ልማዱ መጣ፤ ጭሱ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማይ። አላምን ብዬ ደጅና ቤት ተመላለስኩ። እናቴ ጠጋ ብላ እጇን ዘረጋች። ነፍሴ መለስ አለች። ቋጠሮዋን ግን አልፈታችም፤ ወንድሜ መጥቶ እስኪያይ ድረስ እንዳትነካው ከለከለችኝ።

ለገብርኤል ወንድሜ ከተኮናተረው መኪና ጋር መጣ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ መንደሩን ሲውጠው። የእናቴን ጉልበት ስሞ ሳይቀመጥ ምርመራውን ጀመረ። ግድግዳውን ዳበሰ፣ ኮርኒሱን በከዘራ ነካ ነካ አደረገ፣ ምድጃው ሥር ከሰል ደብቀን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ። እንከን ሲያጣ ይህ የቀን ሙቀት ነው፣ የሌሊቱ ሌላ ነው አለ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። ቆየት ብሎ ኮፍያውን። አረርቲ ሆኖ አንድም ሰው ብርድ እንደማይነካው እያስረዳ ሳለ ንግግሩ ተጎተተ፤ ጭንቅላቱ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ማንኮራፋቱን ሰማን።

እናቴ አየችኝ። አየኋት። ጾም ቢሆንም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቀስ ብላ ተነሣችና ቋጠሮዋን ፈታች። ዳዊቱን ከራስጌዋ መለሰች፣ መቁጠሪያዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፣ ነጠላውን ልጇ ላይ ጣል አደረገችለት። ያኔ ሹፌሩ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጫነው ዕቃ የቱ እንደሆነ ጠየቀ።

"ዕቃ የለም፣ ልጄ" አለችው። "ግባና በሩን ዝጋ፤ ብርድ አታስገባብኝ።"